ለወንድምም ለእህትም

ሰኞ

ቢሮ ከከፈትኩ ወዲህ በሩ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንኳኳ። ሽንት ቤት የት ነው የሚል ሰውዬ ነው። አሳየሁት። ሲመለስ በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ "ጠበቃ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ነኝ አልኩት። "በርቺ" ብሎኝ ደረጃውን ወረደ።

ትልቁ ጠበቃ ዘንድ ስሠራ ኮሪደሩ ባለጉዳይ ይሞላ ነበር። የቤት፣ የቦታ፣ የግድግዳ፣ የመተላለፊያ ጉዳይ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ነበር የሚያልፈው። ስወጣ ግማሹ ይከተለኛል ብዬ ነበር። አንድም ሰው አልተከተለኝም፤ ለካ ሰው የሚያውቀው የእሱን ስም ነው። ጠረጴዛዬን እንዳላስነካው ነግሮኛል፤ "ሲመርሽ ተመለሺ" ነው ያለኝ። ዝናቡ እስኪያበቃ ካልቀናኝ እመለሳለሁ ብዬ ለባሌ ነግሬዋለሁ። ለእሱ ነገርኩት እንጂ ለራሴ ገና አልነገርኩም።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቴ ከፀጉር ቤቷ በቀጥታ መጣች። ስለተቃጠለ ፀጉር እያወራች የምትለቀውን ቪዲዮ ስንት ሰው እንደሚያይላት ብናገር ማንም አያምነኝም። የሕግ መጻሕፍቶቼን ደራርባ ስልኳን አስደገፈችና "ተናገሪ" አለችኝ።

"ምን ልናገር?"

"የምታውቂውን። ግን ፊትሽን ፍቺው፣ መርዶ ልትነግሪ የመጣሽ ነው የምትመስይው።"

ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡ ማን እንደሚኖር ጠይቁ ብዬ ተናገርኩ። ደጋግሜ ተሳሳትኩ። ገጹን "ቤትና ሕግ" አልነው። ስሜ እንዲጻፍበት አልፈለግኩም፤ ጠበቆቹ ቢያውቁ መሳቂያ ያደርጉኛል። ፊቴ እየታየ ስሜን መደበቄ ምን ይባላል? እህቴም ይህንኑ ጠየቀችኝ።

ረቡዕ

ቪዲዮውን እናቴ አይታዋለች። "ድምፅሽ ያምራል፣ ቀሚሱን ግን ተዪው" አለች። ሌላ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። ትናንት ከቢሮዬ ጎን ያለው የፎቶ ቤት ሰውዬ መደርደሪያ ልስቀል ብሎ ግድግዳዬን ሲቦረቡር ዋለ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ሳይበርድ ስልኬን አቁሜ "ግድግዳው የጋራ ከሆነ ቀዳዳውም የጋራ ነው፤ ከመብሳትህ በፊት አንኳኩተህ ጠይቅ" አልኩና ለቀቅኩት። ዛሬ ጠዋት ሳየው የተመለከተው ሰው ብዛት አስደነገጠኝ። ለካ ከጎረቤቱ ጋር ያልተጣላ ሰው የለም።

እህቴ ደውላ "አየሽ? ስትናደጂ ነው የሚያምርብሽ" አለችኝ።

ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አስተያየቶቹን በየዓይነታቸው መድቦ አነበበልኝ። "እነዚህ ጎረቤታቸውን የሚሰድቡ ናቸው። እነዚህ አንቺን የሚሰድቡ ናቸው። ይሄ ደግሞ ቆንጆ ነሽ ይላል። ለዚህኛው እኔ ልመልስለት?"

በውስጥ መስመር የሚገባው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። እዚያ ሰው ስሙን አይጽፍም። ፎቶው አበባ ነው፣ ወይም መኪና፣ ወይም የልጅ ፊት። ባሌ ሳይነግረኝ ቤቱን አስይዞ ተበደረ የምትል አለች። አባቴ ያወረሰኝ ቦታ ላይ መንገድ ሊያልፍ ነው የሚል አለ። እራት ከበላን በኋላ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ለሁሉም በድምፅ እመልሳለሁ። ክፍያ አልጠይቅም። ይህ ጥብቅና አይደለም፣ ምክር ነው።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

ባለጉዳይ! የእውነት ባለጉዳይ። ቪዲዮውን አይቶ ነው የመጣው። ማታ እጽፋለሁ።

ማታ

ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ግዙፍ ሰውዬ፣ ጢሙ የሸበተ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደተሸከመ መጣ። ከመቀመጡ በፊት ሱሪውን አራገፈ። እናቱ አርፈው ቤታቸው ለእሱና ለታላቅ እህቱ ቀርቷል። ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እህትየው ናት። እሱ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ኪራይ ቤት ነው ያለው።

"ቁልፉን ቀየረችው" አለኝ። "የእናቴን ቤት። ቁልፌን ባስገባው እምቢ አለኝ። በገዛ ደጄ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ ሳይ ቆየሁ።"

"አንኳኩ?"

"ለምን ብዬ ነው የማንኳኳው? ቤቴ አይደለም?"

ቤቱ እንዲሸጥ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጢሙን አሸት አሸት አድርጎ "ሕጉ የሚለውን ያድርጉልኝ" አለ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የብረት ደረጃ በገዛ እጁ እንደበየደው ነገረኝ። ለክሱ ምንም አይፈይድም። ደግሞ ነገረኝ፣ ጻፍኩለት።

ጉዳዩ ግልጽ ነው። ወራሾቹ ካልተስማሙ፣ ቤቱም ለሁለት ካልተከፈለ፣ ተሸጦ ገንዘቡን መካፈል ነው። ውክልናውን ሲፈርምልኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን ወንበሬ ላይ ተሽከረከርኩ።

ዓርብ

ለእህትየው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላክሁ። አጭርና ጠንካራ። ትልቁ ጠበቃ ቢያየው ይኮራብኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ በውስጥ መስመር አንዲት ሴት አንጀቴን በላችው። ፎቶዋ ድመት ነው፣ ስሟም "ድመቷ"። እናቷን ብቻዋን አስታማ ቀብራለች፤ የቤቱንም ጣራ በገንዘቧ አሳድሳለች። አሁን ወንድሟ ከእናቷ ቤት ሊያስወጣት ነው። ስልክ እንኳ ሳይደውል በጠበቃ ደብዳቤ ጻፈብኝ ትላለች። "ደብዳቤውን ሳነበው ሰው የጻፈው አልመሰለኝም" አለችኝ።

እንዲህ ዓይነት ጠበቆች አውቃለሁ። ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው ዘንድ እንደሆነ ይረሱታል። ይህንኑ ነገርኳት። አይዞሽ፣ ምንም ነገር እንዳትፈርሚ፣ ቤቱን ለቀሽ እንዳትወጪ፣ ጣራውን ያሳደስሽበትን ማስረጃ ሰብስቢ አልኳት። በድምፅ ነው፣ ረዘም አድርጌ። ሳትጠይቀኝም የማላውቀውን ወንድሟን ወቀስኩላት።

እሷም ረጅም የድምፅ መልእክት መለሰችልኝ። ፍሬ ነገሩን ይዤዋለሁ፤ ዓይኔ እየተጨፈነ ስለነበር እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። በዚህ ሰሞን ወንድምና እህት የማይካሰሱበት ቤት የቀረ አይመስለኝም።

ሰኞ

የፍሪጅ ጠጋኙን ክስ ላስገባ ሄጄ፣ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሁለት ጠበቆች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

"የስልኳ ጠበቃ ያቺ ናት።"

"የቷ?"

"ግድግዳ ስትበሱ አንኳኩ የምትለዋ። ጥብቅናን እንደ ሻምፖ ነው የምትሸጠው።"

ዞሬ ሰላም አልኳቸው። ደነገጡ። ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ቤት ስገባ ግን ምሳዬን ሳልበላ መዋሌን አወቅኩ። እውነታቸውን ቢሆንስ? ስልክ ፊት የቆምኩት ደንበኛ ስለሌለኝ ነው እንጂ፣ ትልቁ ጠበቃ ስልክ ፊት ቆሞ ያውቃል?

ሐሙስ

ፍሪጅ ጠጋኙ ያለ ቀጠሮ መጣ። ከክርክሩ በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ፍርድ ቤቱ የመደበው አስማሚ ፊት እንደምንቀርብ ነገርኩት። ቆብ የሚያክል እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"እውነቱን ልንገርዎት?" አለኝ። "መሸጡን አልፈልገውም። ግባ እንድትለኝ ነው የምፈልገው። እናታችን ስትሞት ሌት ከቀን ያስታመምኩት እኔ ነኝ አለች፣ ሰው ፊት። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ እግሬ እምቢ አለኝ። ይህን ግን ለማንም እንዳይናገሩብኝ። ለእሷ ደግሞ በጭራሽ።"

"አልናገርም" አልኩት። ክሱ ግን መሸጥን ነው የሚጠይቀው። ላሻሽለው አልኩ። "ይቆይ፣ መጀመሪያ ፊቷን ልየው" አለኝ።

ረቡዕ፣ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ሆኜ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ነገ ማንበብ እችል እንደሆነ አላውቅም።

የማስማሚያ ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ክብ ጠረጴዛና የማይከፈት መስኮት። አስማሚው ሰነዱን ያገላብጣል። ደንበኛዬ ከጎኔ። እህትየው ዘገየች። ኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ወንድሟን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። ፊቷ በራ።

"መጡልኝ?" አለችኝ። "ስሜን እንኳ አልነገርኩዎትም እኮ። እንዴት አገኙኝ?"

ቀርባ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። "እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት፤ ምንም አልፈረምኩም። የጣራውንም ማስረጃ ይዣለሁ።" ወደ አስማሚው ዞር ብላ "ጠበቃዬ ናቸው፣ በስልክ ነው የምንተዋወቀው፣ የድመት ፎቶ የለጠፍኩት እኔ ነኝ" አለችው።

ደንበኛዬ ቀስ ብሎ "እህቴ፣ እሳቸው የእኔ ጠበቃ ናቸው" አለ።

ወዲያው ብትለቀኝ ይሻል ነበር። እስኪገባት ድረስ እጄን ይዛ ቆየች። ከዚያ ወንበር ስባ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ እስክንወጣ ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም።

አስማሚው መነጽሩን አውልቆ "ለሁለቱም ወገን መክረዋል ማለት ነው?" አለኝ። አዎ ማለት ነበረብኝ። አፌ ያወጣው ግን "ቀጠሮ ይለወጥልን" የሚል ብቻ ነው።

ሐሙስ

የድምፅ መልእክቷን ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ያን ማታ የተውኩት ቦታ ላይ እንዲህ ትላለች፦ የኋላው ክፍል ተከራይ ቁልፍ ሳይመልስ ስለጠፋ የበሩን ቁልፍ ቀየርኩ፤ ለወንድሜም አንድ አስቀረጽኩለትና ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ የመጣው ደብዳቤ ነው። ቀጥላም ስለ ብረት ደረጃው ታወራለች፤ ወንድሜ የሠራው ነው፣ ዝገቱን በየዓመቱ እኔ ነኝ የምቀባው ትላለች።

ብረት ደረጃ። እስከ መጨረሻው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ። ሌላ ምን እላለሁ።

እሱ የማያውቀውን ከእሷ ሰምቻለሁ፣ እሷ የማታውቀውን ከእሱ። ለሁለቱም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብነግራቸው ነገሩ ዛሬ ያልቅ ነበር። ግን የእሷን ለእሱ መናገር አልችልም፣ በእምነት ነው የነገረችኝ። የእሱንም ለእሷ አልችልም፣ ቃል ገብቼለታለሁ። ለባሌ ስም ሳልጠራ ችግሩን ነገርኩት። እርሳሱን አስቀምጦ "መልሱ በእጅሽ ነው፣ መጻፍ ግን ተከልክለሻል" አለኝ። ከዚያ በላይ አልቀለደም። የፈራልኝ መሰለኝ።

እህቴ ደግሞ "መልእክቶቹን ሰርዢያቸው፤ በስልክ የምንተዋወቅ መስሏት ነው በይ" አለችኝ። አዝና ነው፣ ክፋት የላትም። ስልኩን ይዤው ብዙ ቆየሁ። አልሰረዝኩም። ለምን ይህን ያህል እንደቆየሁ ግን እዚህ ላይ አልጽፍም።

ዓርብ

ትልቁ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ሻይ አዘዘልኝ።

"ማን ከሰሰሽ?"

"ገና ማንም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሳትከሰሽ ቀድመሽ ሂጂ። ከጉዳዩ ውጪና ለጠበቆች ዲሲፕሊን ጉባኤ ሁሉንም ተናገሪ። ሲደርሱብሽና ስትነግሪያቸው አንድ አይደለም።"

"ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ?"

ሻዩን አማስሎ "ሊነጥቁሽ ይችላሉ" አለ። ስለ ጠረጴዛው አላነሳልኝም። ያለ ፈቃድ ለእሱስ ምን አደርግለታለሁ?

ማክሰኞ

ጉባኤው ፊት ቀርቤ አመለከትኩ። እስኪወሰን ከሁለቱም ጋር እንዳልነጋገር ታዘዝኩ። ከዚያ በፊት ግን ከጉዳዩ መውጣቴን ለፍሪጅ ጠጋኙ በአካል ነግሬው ነበር።

"ለእሷም መከሩ?"

"አዎ። እሷ መሆኗን ሳላውቅ።"

"ምን አሏት?"

"መናገር አልችልም።"

"እኔ የነገርኩዎትንስ ነገሯት?"

"አልነገርኳትም።"

"ታዲያ ለማን ነው የጠቀሙት?" አለና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

አልሠራሁም። አልቀረጽኩም። ዝናብ።

ሰኞ

ገጹ ላይ ሰው እየጠየቀ ነው። "ጠበቃዋ የት ገባች?" ይላል አንዱ። "ጎረቤቷ ግድግዳዋን አፍርሶባት ይሆናል" ይላል ሌላው። ሳቅኩ፣ ከዚያ ማልቀስ አማረኝ። እናቴ የቆዩትን ቪዲዮዎች ደጋግማ እያየች ነው፤ "ይሄ ሰማያዊው ቀሚስ ለካ ያምርብሽ ነበር" አለችኝ።

ሐሙስ

ፍርድ ቤት ሰው ላገኝ ሄጄ፣ የፍሪጅ ጠጋኙ አዲስ ጠበቃ ከጸሐፊዋ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ቤቱ በሐራጅ እንዲሸጥ አመልክቷል። እኔ የጻፍኩት ክስ ነው፣ እሱ ያስቀጠለው ብቻ ነው። ሰውዬው አልፈልግም ያለውን ለእኔ እንጂ ለእሱ አልነገረውም ይሆናል። አንዴ ለእኔ ነግሮኝ ምን እንዳደረግኩት አይቷል፣ ደግሞ ለምን ይናገር?

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ "አይሸጥ" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ጸሐፊዋ ጥርስ ያመመኝ መስሏት ማስታገሻ ልትሰጠኝ ቦርሳዋን ከፈተች።

እሁድ

የጉባኤውን ውሳኔ ነገ ነው የምሰማው። ባሌ ጫማዬን ጠርጎ በሩ ጋ አስቀምጦልኛል፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ፈቃዴ ቢወሰድስ? ሌላ ሙያ የለኝም። ግን ከፈቃዴ ይልቅ ሴትየዋ እጄን የያዘችው ነው በሐሳቤ የሚመላለሰው። ለራሴ ሳዝን ለእነሱ ያዘንኩ እየመሰለኝ እንዳይሆን እፈራለሁ። ሁለቱንም ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ከምሽቱ በፊት፣ ሶፋው ላይ

እፎይ። እፎይ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ሴት ናት፣ አንድ መስመር እንኳ ሳታስቀር ማመልከቻዬን አንብባለች። ወንድምና እህት በምስክርነት ተጠርተው በሁለት ጥግ ተቀምጠዋል። በመሃላቸው ባዶ ወንበሮች።

ሰብሳቢዋ ያልኩትንና የተባልኩትን እንድደግም ጠየቀችኝ። "የእሳቸውን መልእክት ያለፈቃዳቸው መናገር አልችልም፣ የወንድማቸውንም ቃል እንዲሁ" አልኩ። ፊቷን አኮሳተረች፤ ሊብስብኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ እህትየው ዞራ "መልእክቱ የእርስዎ ነው፤ ካልፈቀዱ አይሰማም" አለቻት።

ሴትየዋ ወንድሟን አየችው። "ይሰማ" አለች። "እሱም ባለበት ይሰማ።"

የእኔን መጀመሪያ አሰሙ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ያላየሁትን ወንድም ስወቅስ፣ ያንን ደብዳቤ የጻፈውን ጨካኝ ጠበቃ ስወቅስ። "ደብዳቤውን የጻፈው ማን ነው?" አለ አንደኛው አባል። "እኔ ነኝ" አልኩ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ቀጥሎ የእሷን። ከኋላ የድስት ክዳን ይሰማል። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ያልጨረስኩትን፣ ክፍሉ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማው።

"የቱ ቁልፍ?" አለ ፍሪጅ ጠጋኙ፣ ገና ድምፁ ሳያልቅ።

"በሩ አጠገብ የተሰቀለው" አለች እህቱ። "ብታንኳኳ እሰጥህ ነበር። ስትመጣ በመስኮት አየሁህ እኮ፣ ልብሴን ለብሼ እስክወርድ ጠፋህ። ምን ላድርግ ማሙሽ?"

ያ ግዙፍ ሽበታም ሰው ማሙሽ ሲባል ትንሹ የጉባኤው አባል ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። ማሙሽ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

"የነገርኩዎትን ይንገሯት።"

"ይፈቅዱልኛል?"

"ፈቅጃለሁ። እኔ አልችልም፣ እርስዎ ይንገሯት።"

ሰብሳቢዋን አየኋት። እንድናገር ራሷን ነቀነቀችልኝ። "ወንድምዎ ቤቱ እንዲሸጥ አይፈልጉም" አልኩ። "ግባ እንዲባሉ ነው የፈለጉት። እናትዎን ያስታመሙት እርስዎ መሆንዎንም ያውቃሉ፤ አፍረው ነው የራቁት።" ያችን ነገር ስንት ሳምንት አፌ ውስጥ ይዣት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ስትወጣ ደረቴ ቀለለኝ፤ ለፈቃዴ የሚሆነውን እንኳ ለአፍታ ረሳሁት።

እህትየው ተነስታ ባዶዎቹን ወንበሮች አልፋ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ መስማትም የእኔ ድርሻ አልነበረም።

አስወጥተውን መከሩ። ስንመለስ ሰብሳቢዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብላ አነበበች። ፈቃዴ አይነካም። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው፣ በስልክም ይሁን በአካል፣ የጠያቂውንና የባላጋራውን ስም ሳልሰማ አንድ ቃል እንዳልመልስ ታዝዣለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ በራሷ ቃል "ምክርዎ ደህና ነው። ለማን እንደሚመክሩ አለማወቅዎ ነው ጥፋቱ" አለችኝ።

ውጪ ባሌ ትምህርት ቤቱን አስፈቅዶ መጥቶ ቆሞ አገኘሁት። ምንም ሳልነግረው ከፊቴ አወቀ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ እየሳቅኩ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ እያየን ነበር። ይየን አልኩ።

ረቡዕ

እንደ ሰው ተኛሁ። እህቴ ደውላ "አልሰረዝሽውም አይደል?" አለች። አልሰረዝኩም። "እንኳንም አልሰማሽኝ" አለችና ወዲያው ስለ ቀሚስ ማውራት ጀመረች።

ቅዳሜ

ትልቁ ጠበቃ ደወለ። ወንድምና እህት ክሱን ትተው ወደ እሱ ሄደዋል። ቤቱ የጋራቸው ሆኖ ይቀጥላል፤ እሷ ከፊት፣ እሱና ቤተሰቡ ከኋላ። ውሉን እሱ ነው የሚጽፍላቸው።

"ደንበኞችሽን ወሰድኩብሽ" አለኝ እየሳቀ።

"ይሁኑልህ፣ ጋሼ።"

"ጠረጴዛሽንም ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ።"

ቅር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም ቅር አላለኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ ቀረጽኩ። ሳልናደድ፣ ሳልስቅም። ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ሁሉ ስማችሁንና የምትካሰሱትን ሰው ስም ካልነገራችሁኝ አልመልስም፤ ልነግራችሁ የምችለው ይህን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ መልሼ ሁለት ሰው አሳዝኛለሁ አልኩ። ከዚያ በላይ የእነሱን ነገር አላወጣሁም። አንዳንዱ ተኮፈሰች ብሎ ሄደ። አንዳንዱ ስሙን ላከ። ኮሪደር ላይ ካሙኝ ጠበቆች አንዱ ቪዲዮውን ለሌሎች አጋርቶታል፤ ለሹፈት ይሁን ለሌላ አላወቅኩም፣ አልጠየቅኩትምም።

ሰኞ

ሦስት ቀጠሮ አለኝ፤ ሁሉም ከገጹ የመጡ። ዛሬ ጠዋት ግን ስልክ የማትይዝ፣ ቪዲዮ የሚባል ያላየች አንዲት ጠና ያለች ሴት በእግሯ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ዳቦ ቤት ያላት ናት፣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት አለ። አጥሬን ገፉብኝ አለችና ገና ሳትቀመጥ ታሪኳን ልትጀምር አፏን ከፈተች።

"ቆይ እማማ" አልኳት። "ማን ነው የገፋብዎት? ስሙ ማን ነው?"

"ስሙን ምን ያደርግልሻል? ክፉ ሰው ነው።"

"ክፉም ይሁን፣ ስሙን ይንገሩኝ።"

ነገረችኝ። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ እያንዳንዱን ስም ከነእርግማኑ። ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩ፣ መዝገቤን ፈለግኩ፣ በሐሳቤም ፈለግኩ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ሰው ነው።

"እሰይ" አልኩ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።

ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ወንበሩን ሳብኩላትና "አሁን ይንገሩኝ" አልኳት፣ "እስከ መጨረሻው እሰማዎታለሁ።"